የቤት ኤሌክትሪክ ሥራን የእጅ ዋጋ መተመን፦ ከሶኬት ቆጠራ ወደ ሰዓት ቆጠራ

«ለአንድ ፖይንት ስንት ነው የምታስከፍሉት?» የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከደንበኛ መጀመሪያ የሚሰማው ጥያቄ ይህ ነው፤ ፖይንት የሚባለው አንድ ሶኬት ወይም አንድ መብራት የሚገባበት ቦታ ነው። ግድግዳውን ሳያይ፣ ኮርኒሱን ቀና ብሎ ሳይመለከት በስልክ ዋጋ የሚጠራ ሰው ሥራውን ሊያገኝ ይችላል፤ በሦስተኛው ቀን ግን የረዳቱን ደሞዝ ከኪሱ እየከፈለ መሆኑ ይገባዋል። ሶኬት ማሰር ራሱ የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። ጊዜ የሚበላው ወደ ሶኬቱ የሚወስደው መንገድ ነው፤ የግድግዳው ጥንካሬ፣ የኮርኒሱ ከፍታ፣ የአሮጌው ሽቦ ሁኔታ፣ ቤቱ ሰው የሚኖርበት መሆን አለመሆኑ። የእጅ ዋጋ የሚሰላው ከዚያ መንገድ ሰዓት ተነስቶ ነው።

አንድ ሶኬት በደቂቃ ሲተነተን

ሰው የሚኖርበት ቤት፣ የተለሰነና ቀለም የተቀባ የብሎኬት ግድግዳ እንውሰድ። ከነባር ሶኬት 1.2 ሜትር ርቆ አዲስ ሶኬት ይገባል፤ ሽቦው ተቀብሮ ይሄዳል። አንድ ሰው ሳይቸኩልና ሳይዘገይ ሲሠራው ጊዜው በግምት እንዲህ ይከፋፈላል፦

ዕቃ ማንሳት፣ ወለሉንና የቀረውን ዕቃ በላስቲክ መሸፈን፦ 10 ደቂቃ
ልክ ወስዶ በውሃ ልክ ማስመር፦ 5 ደቂቃ
ብሬከር አጥፍቶ ኃይል አለመኖሩን በቴስተር ማረጋገጥ፣ የተቀበረ የውሃ ቱቦና ሽቦ መኖሩን መፈተሽ፦ 10 ደቂቃ
ሁለት ትይዩ መስመር በግራይንደር መቁረጥ፦ 10 ደቂቃ
መሃሉን በመሮ መፈልፈል፦ 20 ደቂቃ
ለሳጥኑ ጉድጓድ ማውጣት፦ 10 ደቂቃ
ቱቦና ሳጥን አስተካክሎ በጀሶ መያዝ፦ 15 ደቂቃ
ሽቦ መሳብ፦ 10 ደቂቃ
ቦዩን መድፈን፦ 15 ደቂቃ
ሶኬቱን ማሰር፦ 10 ደቂቃ
መሞከር፦ 5 ደቂቃ
ፍርስራሹን መሰብሰብ፣ መጥረግ፣ ማውረድ፦ 10 ደቂቃ

ድምሩ 130 ደቂቃ ነው። ከዚህ ውስጥ ደንበኛው «ሶኬት ማስገባት» ብሎ የሚያስበው 10 ደቂቃዋን ብቻ ነው፤ ከጠቅላላው 8 በመቶ እንኳ አትሞላም። ያው ሶኬት ገና ባልተለሰነ አዲስ ግድግዳ ላይ ቢሆን ኖሮ መሸፈን የለም፣ መድፈኑን ለሳሹ ይጨርሰዋል፣ አቧራ የሚያስጨንቀው ሰው የለም፤ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ይበቃል። አንድ ዓይነት ዕቃ፣ አንድ ዓይነት ሽቦ፣ ጊዜው ግን ከእጥፍ በላይ ይለያያል። ለሁለቱም እኩል የፖይንት ዋጋ የሚጠራ ሰው በአንዱ ይከስራል፤ ወይም በሌላው ከገበያ ይወጣል።

እዚህ ላይ የብዙ ሰው ስህተት በተቃራኒው በኩልም አለ። በአንድ ክፍል 6 ሶኬት ካለ 6 ጊዜ 130 ደቂቃ አይባልም። መሸፈን፣ ኃይል ማቋረጥና መጥረግ አንድ ላይ የሚሠሩ ናቸው። ለየብቻ የሚደጋገመው 100 ደቂቃው ነው፤ 6 ጊዜ 600 ደቂቃ ይሆናል። በዚያ ላይ ለመላው ክፍል መሸፈኛ 30፣ ማቋረጥና መፈተሽ 20፣ ማጽዳት 40 ደቂቃ ሲደመር 690 ደቂቃ ወይም 11 ሰዓት ተኩል ይመጣል። በጅምላ ከማባዛት አንድ ሰዓት ተኩል ይቀንሳል። በዚህ ልዩነት ነው ተፎካካሪ ዋጋ ያለ ኪሳራ መስጠት የሚቻለው።

ዋጋ ከመጥራት በፊት ቤቱን ማየት

የዳሰሳ ጉብኝት የጨዋታ ጉብኝት አይደለም። ሜትር፣ ቴስተር፣ የእጅ ባትሪ፣ መሰላልና ካካቪቴ ይዘው ይሂዱ፤ ስልክዎ ላይ ፎቶ ይበቃዎታል። ግድግዳውን በጣትዎ አንኳኩተው ብሎኬት፣ ጡብ፣ ኮንክሪት ወይስ ጂፕሰም ቦርድ መሆኑን ይለዩ። ኮንክሪት መፈልፈል ከብሎኬት ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ጊዜ ይወስዳል፤ ዓምድና ተሸካሚ ምሰሶ ከሆነ ደግሞ ያለ መሐንዲስ ፈቃድ አይነካም፤ በግድግዳው ላይ የሚለጠፍ የሽቦ መሸፈኛ (ቻናል) ይታሰባል። ኮርኒሱ ከ3 ሜትር ከፍ ካለ በተራ መሰላል የሚሠራው ሥራ ወደ ስካፎልድ ይለወጣል፤ ስካፎልድ መትከልና ማዛወር ራሱን የቻለ ሰዓት አለው።

ከሁሉ በላይ የብሬከር ሳጥኑን ሽፋን ይክፈቱ። ብዙ ሰው ሽፋኑን ከውጭ ፎቶ አንስቶ ይመለሳል፤ ዋናው ነገር ያለው ከውስጥ ነው። ባዶ ቦታ አለ ወይ? የኧርዝ (ያፈተለከ ኃይልን ወደ መሬት የሚወስደው መስመር) ማገናኛ ባር አለ? ከዚያስ ሽቦ ተነስቶ ወደ መሬት ይወርዳል ወይስ ለይስሙላ ተቀምጧል? ከአንድ ብሬከር ስር ሁለትና ሦስት ሽቦ ታስሯል? ሽቦው ነጭ ብረት የሚመስል አሉሚኒየም ነው? ሽፋኑ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል? ከነዚህ የአንዱ መልስ መጥፎ ከሆነ «2 ሶኬት መጨመር» የተባለው ሥራ ሌላ ሥራ ሆኗል ማለት ነው። በተለይ ኧርዝ የሌለው ቤት ውስጥ አዲስ ሶኬት ጨምሮ መውጣት ለደንበኛውም ለባለሙያውም አደጋ ስለሆነ፣ የኧርዙን ሥራ በዝርዝሩ ውስጥ በግልጽ ያስገቡት።

ቀሪዎቹን በፍጥነት ይጠይቁ፦ ስንተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት አለ ወይ፣ ድምፅ የሚፈቀደው ከስንት እስከ ስንት ሰዓት ነው፣ ዕቃ የሚቀመጥበት ቦታ አለ፣ መብራቶቹን የሚገዛው ማን ነው። የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ ግን ደንበኛው ራሱ የሚገዛው ባለብዙ ክንፍ መብራት ተበታትኖ በካርቶን ይመጣል፣ መገጣጠሙ ብቻ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል፣ አንድ ብሎን ከጎደለው ደግሞ ቀኑ ያልቃል። በአሮጌ ሕንፃ ውስጥ የኮርኒስ ወይም የቦርድ ሰሌዳ አስቤስቶስ ሊሆን እንደሚችል ከጠረጠሩ አይቦርቡሩት፤ ያንን ክፍል ከዋጋው አውጥተው በልዩ ባለሙያ እንዲታይ ይጻፉ።

መጀመሪያ ጭነቱን፣ ቀጥሎ ሜትሩን

ዕቃ መቁጠር የሚጀመረው በሜትር ሳይሆን በኃይል ነው። አንድ ወጥ ቤት 6 ሶኬት ይፈልጋል እንበል። በ230 ቮልት በ16 አምፔር ብሬከር የሚጠበቅ መስመር የሚሸከመው 3,680 ዋት ነው። 2,000 ዋት የውሃ ማፍያና 2,000 ዋት መጥበሻ አብረው ሲበሩ ብሬከሩ ከአቅሙ በላይ ይጫናል፤ ስለዚህ 6ቱን በሁለት መስመር መክፈል ያስፈልጋል። ይህ ውሳኔ ሽቦውን ምን ያህል እንደሚለውጥ እንመልከት።

ከቦርዱ ወደ ኮርኒስ 1 ሜትር፣ በኮርኒስ ውስጥ እስከ ወጥ ቤት 9 ሜትር፣ ከኮርኒስ ወደ መጀመሪያው ሶኬት 1.7 ሜትር፣ በሶኬቶች መካከል 1.2 ሜትር ነው። ሁሉም በአንድ መስመር ቢሆኑ መንገዱ 1 + 9 + 1.7 + 6 = 17.7 ሜትር ነው። በሁለት መስመር ሲሆን የመጀመሪያው 14.1፣ ሁለተኛው በኮርኒስ ውስጥ 3.6 ሜትር አልፎ ስለሚወርድ 17.7፣ ድምሩ 31.8 ሜትር ይሆናል። በየሳጥኑ ለማሰሪያ የሚተርፈው ሽቦ ለእያንዳንዱ ጫፍ 20 ሳንቲ ሜትር፣ በቦርዱ ውስጥ ደግሞ ለእያንዳንዱ መስመር 1 ሜትር ይያዝ። በሁለቱ መስመሮች 10 ጫፍ ስላለ 2 ሜትር፣ ለቦርዱ 2 ሜትር፣ ባጠቃላይ 35.8 ሜትር። 10 በመቶ ብክነት ሲጨመር 39.4፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ቀለም 40 ሜትር ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ያስፈልጋል። ፌዝ (ኃይል የሚያመጣው)፣ ኒውትራል (ኃይሉን የሚመልሰው) እና ኧርዝ ሦስት ቀለም ስለሆኑ 120 ሜትር። በአንድ መስመር ቢሆን ኖሮ ለቀለም 23 ሜትር ይበቃ ነበር። ጭነቱን ሳይጠይቅ ሜትር የቆጠረ ሰው ግማሹን ያህል ሽቦ ገና ከመነሻው ረስቷል።

ሽቦ በ100 ሜትር ጥቅል ከተገዛ ሦስት ቀለም ሦስት ጥቅል ነው፤ ከየጥቅሉ 60 ሜትር ይተርፋል። የተረፈው የማን እንደሆነ አስቀድሞ ይነገር። ደንበኛው ሦስቱንም ጥቅል ከከፈለ የተረፈው የእሱ ነው፤ በሜትር ካስከፈሉት የእርስዎ ነው። ቱቦውን 31.8 ሜትር በ3 ሜትር ሲካፈል 10.6 ይመጣል፤ ለቁርጥራጭ አስቦ 12 መግዛት ነው። ሳጥን፣ ክርን፣ ማያያዣ፣ ብሎን፣ ቴፕ፣ ጀሶ እየተባለ የሚረሳው ጥቃቅን ዕቃ ተደምሮ ትንሽ አይደለም፤ አንድ ላይ «ፍጆታ» ብሎ ከዕቃው ዋጋ የተወሰነ በመቶ መያዝ ይሻላል።

ረጅም መስመር ሲመጣ የቮልቴጅ መውረድን አይርሱ። ለሶኬትና ለመሣሪያ መስመር የተለመደው ጣሪያ 5 በመቶ፣ ለመብራት 3 በመቶ ነው። 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ በእያንዳንዱ አምፔርና ሜትር 18 ሚሊ ቮልት ገደማ ያጣል። ግቢ ውስጥ 40 ሜትር ርቆ ያለ ክፍል 16 አምፔር ቢጎትት 11.5 ቮልት ይወርዳል፤ ያ በ230 ቮልት ልክ 5 በመቶ ነው፣ ምንም ትርፍ የለውም። በ4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ግን 7 ቮልት፣ 3 በመቶ ገደማ ብቻ ይሆናል። ለውጡ የሽቦውን ዋጋ ብቻ አይነካም፤ ወፍራም ሽቦ ቱቦውን ያሰፋል፣ መሳቡንም ያከብደዋል፣ የእጅ ሰዓቱም አብሮ ያድጋል።

ሰዓቱን በየደረጃው መመደብ

ሥራውን በሦስት ይክፈሉት፤ ቱቦና ሳጥን መቅበር፣ ሽቦ መሳብ፣ ማሰርና መሞከር። ለእያንዳንዱ ደረጃ የራሱን ሰዓት ይጻፉ። አስቸጋሪ ሁኔታ ሲኖር ማባዣውን የሚነካው ደረጃ ላይ ብቻ ያሳርፉ። ግድግዳው ኮንክሪት ነው ብሎ የጠቅላላውን ሰዓት በ1.5 ማባዛት ስህተት ነው፤ ሶኬት ማሰር በኮንክሪትም በብሎኬትም 10 ደቂቃ ነው። በተቃራኒው ሰው የሚኖርበት ቤት ሁሉንም ደረጃ ይነካል፤ በየማታው መጥረግ፣ ኃይል መልሶ መስጠት፣ ጠዋት እንደገና መዘርጋት አለና ከ20 እስከ 30 በመቶ መጨመር ያስፈልጋል። ይህንን ጊዜ ለየብቻው ቆጥረው ከጻፉት ግን በመቶውን አይድገሙት።

ሁለት ሰው ሥራውን በግማሽ ጊዜ አይጨርሰውም። ሽቦ መሳብ ሁለት ሰው የግድ ይላል፤ አንዱ ይገፋል አንዱ ይጎትታል። ቦርድ ማሰር ግን የአንድ ሰው ሥራ ነው፤ ረዳቱ ቆሞ ቢያይም ይከፈለዋል። ስለዚህ የባለሙያውንና የረዳቱን ሰዓት ለየብቻ ይመድቡ።

ለወጥ ቤታችን፦ ሶኬቶቹ 11.5 ሰዓት፣ በኮርኒስ ውስጥ ቱቦ መዘርጋት 4፣ ከኮርኒስ የሚወርዱት ሁለት ቦዮች ተጨማሪ 1፣ ከቦርድ ሽቦ መሳብ 2፣ ቦርዱ ላይ ሁለት ብሬከር ማስገባትና ማሰር 1.5፣ ሙከራና ምልክት መጻፍ 1፣ ዕቃ ወደ ፎቅ ማውጣትና በየቀኑ መሣሪያ ዘርግቶ መሰብሰብ 3። ድምሩ 24 የሰው ሰዓት ነው። ከዚህ 14ቱ የባለሙያው፣ 10ሩ የረዳቱ ይሁን። እነዚህ ቁጥሮች መነሻ ናቸው፤ የራስዎ መዝገብ ሲኖርዎት በእነዚያ ይተኩዋቸው።

አንድ ሰዓት በእውነት ስንት ያወጣል?

የገንዘቡን ዓይነት ትተን የባለሙያው የሰዓት ደሞዝ 100 ነው እንበል። በሳምንት 40 ሰዓት፣ በዓመት 52 ሳምንት 2,080 ሰዓት ይከፈለዋል፤ 208,000። ለጡረታ፣ ለመድን፣ ለመሳሰሉት 20 በመቶ ቢጨመር 249,600 ይሆናል። የመኪና፣ የነዳጅ፣ የመሣሪያ፣ የስልክ፣ የፈቃድና የሒሳብ ሠራተኛ የዓመት ወጪ 80,000 ቢሆን ጠቅላላው 329,600 ነው።

አሁን ይህን በ2,080 ማካፈል የሚያጓጓ ግን የሚያከስር ነው። ከ2,080 ውስጥ ለበዓል፣ ለፈቃድና ለሕመም 240 ሰዓት ይነሳ፤ 1,840 ይቀራል። ከዚህም ውስጥ መንገድ፣ ዕቃ ግዢ፣ ዳሰሳ፣ በመጨረሻ ላልተገኘ ሥራ ዋጋ ማውጣት 30 በመቶውን ይበላል። ደንበኛ የሚከፍልበት ሰዓት 1,288 ብቻ ነው። 329,600 ለ1,288 ሲካፈል 256 ይመጣል። የ100 ደሞዝ ያለው ሰው ያለ አንዳች ትርፍ በሰዓት 256 ያወጣል ማለት ነው። የረዳቱ ደሞዝ 50 ቢሆንና የድርጅቱ ወጪ በባለሙያው ላይ ብቻ ከተጫነ፣ በዚያው ስሌት የረዳቱ 97 ይሆናል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ መንገድና ዕቃ ግዢን በዚህ 30 በመቶ ውስጥ ካስገቡ ከሥራው የሰዓት ዝርዝር ያውጧቸው። ሁለቱም ቦታ ከጻፏቸው ደንበኛውን ሁለት ጊዜ ያስከፍላሉ፤ ሁለቱም ቦታ ከረሷቸው እርስዎ ይከፍላሉ።

ሁሉንም አንድ ላይ

14 ሰዓት በ256 ሲባዛ 3,584፣ 10 ሰዓት በ97 ሲባዛ 970፣ የእጅ ወጪ 4,554። ግድግዳው አሮጌ ስለሆነ ላልታሰበ ነገር 10 በመቶ፣ 455 ይጨመር፤ 5,009። ዕቃው 2,000 ቢገዛ፣ ለማጓጓዝና ጉድለት ያለበትን ለመለወጥ 15 በመቶ ተጨምሮ 2,300። አጠቃላይ ወጪ 7,309።

ትርፍ ላይ ብዙ ሰው በስሌት ይሳሳታል። ከሽያጩ ዋጋ 15 በመቶ እንዲተርፍ ከፈለጉ ወጪውን በ1.15 አያባዙ፤ ለ0.85 ያካፍሉ። 7,309 ለ0.85 ሲካፈል 8,599፣ በሙሉ ቁጥር 8,600። በ1.15 ቢባዛ 8,405 ብቻ ይሆናል፤ ትርፉም ከሽያጩ 13 በመቶ ነው። በአንድ ሥራ ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ በዓመት ግን አንድ ጥሩ መሣሪያ ይገዛል። መንግሥት የሚጠይቀው የሽያጭ ግብር ካለ በዚህ ላይ ለብቻው ተጽፎ ይጨመራል።

ያው ሥራ በልማድ ሲተመን ደግሞ ይመልከቱ፦ ባለሙያው 14 ሰዓት በ100፣ ረዳቱ 10 ሰዓት በ50፣ 1,900፤ ዕቃ 2,000፤ ከላይ 20 በመቶ። 4,680 ይመጣል። ከእውነተኛው ወጪ 2,629 ያንሳል። ሠራተኛው ትርፍ ያገኘ ይመስለዋል፣ ምክንያቱም በእጁ ጥሬ ገንዘብ ቀርቷል፤ መኪናው ሲበላሽ ወይም ድሪሉ ሲቃጠል ነው ገንዘቡ የማን እንደነበር የሚታወቀው።

የማይታየውን ሥራ በቁርጥ ዋጋ አለመያዝ

አሮጌ ቤት ላይ አርሲዲ (ኃይል ከመስመሩ ሲያፈተልክ የሚቆርጥ መከላከያ) ማስገባት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ዕቃውን ማስገባት 30 ደቂቃ ይፈጃል። ኃይል ሲሰጥ ግን አርሲዲው ወዲያው ይወድቃል፣ ማለትም ኃይሉን ይቆርጣል፤ ከዚያ ጥፋቱን መፈለግ ቀን ሙሉ ሊወስድ ይችላል። ዋናው ምክንያት የተደበላለቀ ኒውትራል ነው። የሳሎኑ ፌዝ በአርሲዲው ውስጥ ያልፋል፤ ኒውትራሉ ግን ከዓመታት በፊት በአንድ ማካፋይ ሳጥን ውስጥ ከሌላ መስመር ኒውትራል ጋር ታስሯል። በአርሲዲው የወጣው ኃይል በሌላ መንገድ ስለሚመለስ አርሲዲው ልዩነቱን እንደ ፍሳሽ (ያፈተለከ ኃይል) ያየዋል፤ ይወድቃል። አርሲዲው አልተበላሸም፤ ሥራውን እየሠራ ነው። ሁለተኛው ምክንያት የተጠራቀመ ፍሳሽ ነው። የ30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ ከ15 ሚሊ አምፔር ጀምሮ ሊወድቅ ይችላል፤ እርጥበት የገባበት የውሃ ማሞቂያ፣ ምድጃና ጥቂት ኤሌክትሮኒክስ ተደምረው እዚያ ይደርሳሉ።

ስለዚህ በዳሰሳው ጊዜ ወይም በተከፈለበት የመጀመሪያ ቀን፣ ኃይል ተቋርጦ፣ ኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ሁሉ ተነቅሎ፣ መስመሮቹን በ500 ቮልት ሜገር (የሽቦ ሽፋን ጤንነት መለኪያ) ይለኩ። ከ1 ሜጋ ኦም በታች ያነበበ መስመር ለተራ ቁርጥ ዋጋ አይበቃም። ኒውትራሎችን ከባሩ ፈትተው አንዱን ከሌላው ጋር ቢለኩ የተገናኙት ይገለጣሉ። የሚጻፈው እንዲህ ነው፦ «አርሲዲ ማስገባት በቁርጥ ዋጋ፤ የነባር መስመር ጥፋት መፈለግ በሰዓት፤ ከ4 ሰዓት በላይ ከሆነ ሳልቀጥል አሳውቃለሁ»። ጣሪያ የተደረገለት የሰዓት ዋጋ ደንበኛውን አያስፈራውም፣ ባለሙያውንም አያስርበውም።

ለጥገና ጥሪም ይህ ይሠራል፤ መሄጃና የመጀመሪያው ሰዓት አንድ ላይ አነስተኛ ክፍያ ይሁኑ፤ ጥፋቱን ማግኘትና መጠገን ለየብቻ ይጻፉ። ደንበኛው «አንድ ሽቦ ነው ያሰረው» የሚለው የመጨረሻዋን 5 ደቂቃ ብቻ ስላየ ነው።

የፖይንት ዋጋ መቼ ይሠራል?

አዲስ ሕንፃ፣ ያልተለሰነ ግድግዳ፣ ተደጋጋሚ ክፍሎች ሲሆኑ። ያኔ እንኳ ፖይንቱን ከራስዎ ሰዓት ያውጡት። ለመነሻ፦ ሦስቱም ደረጃ ተደምሮ ተራ የመብራት ፖይንት ከነማብሪያው 60 ደቂቃ፣ ከሁለት ቦታ የሚበራና የሚጠፋ 90 ደቂቃ፣ ሶኬት 50 ደቂቃ፣ የራሱ መስመር ያለው ምድጃ ወይም የውሃ ማሞቂያ ከ2 እስከ 3 ሰዓት፣ ባለ 12 ብሬከር ቦርድ ከ6 እስከ 8 ሰዓት። ምድጃና ቦርድን «አንድ ፖይንት» ብሎ መቁጠር አይቻልም። 7,000 ዋት ምድጃ በ230 ቮልት 30 አምፔር ይጎትታል፤ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦው እንደ መብራት ሽቦ አይታጠፍም፣ አይሳብምም።

በፕሮፎርማው ላይ ምን ይጻፋል?

ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ጽሑፉ የላላ ከሆነ ክርክሩ አይቀርም። የሚሠራውን በክፍልና በብዛት ይዘርዝሩ፤ የማይሠራውንም እንዲሁ። ቀለም፣ የመጨረሻ ልስን፣ የኃይል አቅራቢው ክፍያ፣ በግድግዳ ውስጥ የተደበቀ የነባር መስመር ጥፋት ያልተካተተ ከሆነ ይጻፍ። «ቦዩን እስከ ልስን ደረጃ እንደፍናለን፤ ቀለም አንቀባም» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር የመጨረሻ ቀን ጭቅጭቅን ታስቀራለች። የመዳብ ዋጋ ስለሚዋዥቅ የዋጋው ጸንቶ መቆያ አጭር ይሁን፤ 15 ቀን ይበቃል።

ክፍያውን ከሥራው ደረጃ ጋር ያያይዙት። ሲጀመር ዕቃውን የሚሸፍን ቅድመ ክፍያ፤ ቱቦና ሳጥን ተቀብሮ ደንበኛው ካየ በኋላ ሁለተኛው፤ ሽቦ ተስቦ ሦስተኛው፤ ከሙከራና ከርክክብ በኋላ የቀረው 10 በመቶ። የመጨረሻው ድርሻ ትልቅ ከሆነ ትርፍዎ በሙሉ በደንበኛው ኪስ ውስጥ ታግቷል። ቱቦ ከመለሰኑ በፊት ፎቶ ያንሱ፤ በኋላ «ሥዕል ስሰቅል ሽቦ ቆረጥኩ» ሲባል ቦዩ የት እንደሚያልፍ ያሳያል።

ለውጥ ሲመጣ፣ መምጣቱም አይቀርም፣ «ይቺን ሶኬት ወደዚያ ብታዛውራት» የሚባለው ያለ ጽሑፍ አይሠራ። በስልክ መልእክትም ቢሆን ሦስት ነገር ይላኩ፦ ምን እንደተለወጠ፣ ስንት እንደሚጨምር፣ ስንት ቀን እንደሚያዘገይ። «እሺ» የሚል መልስ ከመጣ በኋላ ድሪሉ ይነሳ። ሳጥኑ ከተቀበረ በኋላ ሶኬት ማዛወር ከመጀመሪያው ማስገባት በላይ ጊዜ ይፈጃል፤ አሮጌው ጉድጓድ ይደፈናል፣ ሽቦው ካጠረ ከማካፋይ ሳጥን እንደገና ይሳባል። ዋጋውም በዚያው ልክ ይጻፍ።

ሥራው ካለቀ በኋላ በዚያው ሳምንት የተገመተውንና የፈጀውን ሰዓት በየደረጃው ጎን ለጎን ይጻፉ። 10 ሥራ ሲሞላ የፈጀውን ለተገመተው ያካፍሉ። መቅበር በአማካይ 1.3፣ ሽቦ መሳብ 0.9፣ ማሰር 1.0 ከመጣ፣ የሚስተካከለው የመቅበሩ ሰዓት ብቻ ነው፤ በሚቀጥለው ፕሮፎርማ ላይ ለአንድ ሜትር ቦይ የሚይዙትን ደቂቃ በ1.3 ያባዙት። ስሌቱ በየግድግዳው ዓይነት ለየብቻ ከተያዘ ደግሞ ይበልጥ ይጠራል፤ የብሎኬት ቤት መዝገብ ለጡብ ቤት አይሠራም።